«ሊ» መጨመር ብቻውን አያዋጣም፦ ስለ እንግሊዝኛ ተውሳከ ግሥ ለቀረበ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ሰው እየተቀባበለ ያነበበው አንድ ጽሑፍ አለ። የእንግሊዝኛን ተውሳከ ግሥ ያለ ብዙ ጣጣ አስተምራለሁ ይላል። ተውሳከ ግሥ፣ ለረሳው ሰው፣ ድርጊቱ እንዴት፣ የት፣ መቼ፣ ስንት ጊዜ እንደተፈጸመ የሚነግረን ቃል ነው። ጽሑፉ የሚለው ባጭሩ ይህን ነው። ማንኛውም ቅጽል ላይ «ሊ» ጨምሩ። ግሥን ተከትሎ የሚመጣ ገላጭ ሁሉ «ሊ» ይኑረው። ቦታው ነፃ ነው፤ ከተቸገራችሁ አማርኛውን ከኋላ ወደ ፊት ገልብጡት። ከግሥ በፊት በምትመጣው «ቱ» (እንደ «ቱ ጎ») እና በግሡ መካከል ግን ምንም እንዳታስገቡ። እንደ ተውሳከ ግሥ የሚያገለግሉት ሐረጎች ጌጥ ናቸው። ትልልቅ ደራስያንም ተውሳከ ግሥን ይጠላሉና ብዙ አትድከሙበት።

አጻጻፉ ደስ ይላል። ሰዋስው ሲባል ለሚሸሽ ሰው «ና፣ አይከብድም» ማለቱ ራሱ ጥሩ ነገር ነው። ቅር ያለኝ ሚዛኑ ነው። ጸሐፊው ለቃሉ ቅርጽ ብዙ ተጨንቆ ቦታውን «እንደፈለጋችሁ» ብሎ አለፈው። እኔ የማየው ግን ተቃራኒውን ነው። ቅርጹ ቶሎ ይለመዳል። ለዓመታት እንግሊዝኛ የተማረውን ሰው እንኳ የሚያደናቅፈው ቃሉ የሚቀመጥበት ቦታ ነው። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

«ቅጽሉ ላይ ሊ ጨምሩ፣ አለቀ»

ለብዙ ቃላት ይሠራል፣ አልክድም። «ኩዊክ» «ኩዊክሊ» ይሆናል፣ «ኬርፉል» ደግሞ «ኬርፉሊ»። ጠቤ «አለቀ» ከሚለው ጋር ነው።

በየቀኑ ከአፋችን የማይጠፉት ቃላት እኮ ብዙዎቹ ከዚህ ሕግ ውጭ ናቸው። «ፋስት» ቅጽልም ነው፣ ተውሳከ ግሥም ነው። መኪናው ፈጣን ነው ስንል «ፋስት»፣ በፍጥነት ይሄዳል ስንልም «ፋስት»። «ፋስትሊ» የሚባል ቃል በዛሬው እንግሊዝኛ ማንም አይናገርም። «ኧርሊ» እና «ስትሬት»ም እንደዚሁ ናቸው። «ጉድ» ጭራሽ መልኩን ቀይሮ «ዌል» ይሆናል። የመንገድ ምልክት ላይ «ድራይቭ ስሎው» የሚል ጽሑፍ አይቶ «ምልክቱ ተሳስቷል» ብሎ የሚስቅ ሰው አይጠፋም። ምልክቱ አልተሳሳተም፤ «ስሎው» ያለ «ሊ»ም ያስኬዳል።

ይህ ቢሆንም የሚጎዳው ትንሽ ነው። «ፋስትሊ» ያለ ሰው ቢያንስ ሐሳቡ ይገባል። የባሰው «ሊ» ስትጨምሩበት ትርጉሙ ሌላ የሚሆነው ነው። «ሂ ወርክስ ሃርድ» ማለት ጠንክሮ ይሠራል ማለት ነው። «ሂ ሃርድሊ ወርክስ» ግን ሥራ እምብዛም አይነካም ማለት ነው። የጽሑፉን ሕግ አምኖ በሥራ ማመልከቻው ላይ «አይ ሃርድሊ ወርክ» ብሎ የጻፈ ሰው፣ ስንፍናውን በገዛ እጁ ፈርሞ አስገባ ማለት ነው። «ሌት» አርፍዶ ሲሆን «ሌትሊ» ሰሞኑን ነው። «አይ ኬም ሌት» አርፍጄ መጣሁ ነው፤ እዚህ ጋ «ሌትሊ» ከተባለ ማርፈዱ ራሱ ጠፋ። «ኒር» ቅርብ ነው፣ «ኒርሊ» ደግሞ ሊሆን ምንም አልቀረውም የምንለው ዓይነት። «ሃይ» ወደ ላይ ከፍ ብሎ ነው፤ «ሃይሊ» ግን በጣም የሚለውን ይተካል። አውሮፕላን «ሃይ» ይበራል፤ ሰው «ሃይሊ» ይከበራል።

ወዲያ ማዶ ደግሞ «ሊ» በመጨረሻቸው እያለ ተውሳከ ግሥ ያልሆኑ አሉ። «ፍሬንድሊ»፣ «ላቭሊ»፣ «ሎንሊ»፣ «ሲሊ»፣ «አግሊ» ሁሉም ቅጽሎች ናቸው። «ሂ ስፖክ ፍሬንድሊ» አይባልም። «ሂ ስፖክ ኢን ኤ ፍሬንድሊ ዌይ» ነው የሚባለው። ጸሐፊው ጌጥ ያለው ሐረግ እዚህ ጋ ብቸኛው መውጫ መሆኑን ልብ በሉ።

ይህ ሁሉ ዝም ብሎ የእንግሊዝኛ ዝባዝንኬ አይደለም። ምክንያት አለው፣ ምክንያቱን ያወቀ ሰው ደግሞ ከሽምደዳ ይድናል። ከፈረንሳይ የመጡት ኖርማኖች እ.ኤ.አ. በ1066 እንግሊዝን ከመውረራቸው በፊት በነበረው ጥንታዊ እንግሊዝኛ፣ ተውሳከ ግሥ ከቅጽል የሚወጣው ቅጽሉ መጨረሻ ላይ «ኤ» የሚል አጭር ድምፅ በመጨመር ነበር። ጠንካራው «ሄአርድ» ከሆነ ጠንክሮው «ሄአርዴ» ይሆናል። «ሊች» የሚለው ቅጥያ ደግሞ ተውሳከ ግሥ አይሠራም ነበር፤ ከስም ቅጽል ነበር የሚያወጣው። ወዳጅ ከሚለው ወዳጃዊ የሚለውን «ፍሬኦንድሊች»ን የሰጠው እሱ ነው። በ«ሊች» ላይ «ኤ» ሲታከልበት «ሊቼ» ይሆንና ተውሳከ ግሥ ይመጣል።

ከዚያ ያቺ የመጨረሻ «ኤ» በመካከለኛው ዘመን እየደከመች ሄዳ ከአፍ ጠፋች። «ሄአርድ» እና «ሄአርዴ» አንድ ሆኑ። ዛሬ «ሃርድ» ሁለቱንም የሚሆነው ለዚህ ነው። «ሊች» እና «ሊቼ»ም ተሸራርፈው ሁለቱም «ሊ» ሆኑ። «ፍሬንድሊ» ቅጽል ሆኖ የቀረው፣ «ኩዊክሊ» ተውሳከ ግሥ የሆነው ለዚህ ነው። አንዲቱ «ሊ» የሁለት ቅጥያዎች ወራሽ ናት። ስለዚህ «ሊ»ን እንደ ታርጋ አይቶ የቃሉን ክፍል መወሰን ከመነሻው አያስተማምንም።

«ከግሥ በኋላ የሚመጣ ገላጭ ሁሉ ሊ ይኖረዋል»

አይኖረውም። እንግሊዝኛ ድርጊትን የማይናገሩ፣ ባለቤቱን ከጠባዩ ጋር የሚያገናኙ ግሦች አሉት። «ሲም»፣ «ቢካም»፣ «ሉክ»፣ «ፊል»፣ «ሳውንድ»፣ «ስሜል» ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ተከትሏቸው የሚመጣው ገላጭ ባለቤቱን ስለሚገልጽ ቅጽል ነው። አበባ «ስሜልስ ስዊት» እንጂ «ስዊትሊ» አይባልም። ጣፋጭ የሆነው ሽታው ነው፤ አበባው ማሽተቱን በጣፋጭ ሁኔታ አላከናወነም።

እንዲያውም አንዳንዶቹ ግሦች ሁለት ሥራ አላቸው። «ሺ ሉክድ አንግሪ» ካልን ፊቷ ላይ ቁጣ ይነበባል። «ሺ ሉክድ አት ሂም አንግሪሊ» ካልን ደግሞ በቁጣ አየችው፣ ገላመጠችው ማለት ነው። መለያው ቀላል ነው። ግሡን አውጥታችሁ በ«ኢዝ» ወይም በ«ወዝ» ተኩት። «ሺ ወዝ አንግሪ» ስሜት ይሰጣል፤ ስለዚህ ቅጽል። «ሺ ወዝ አት ሂም አንግሪሊ» ግን የትም አያደርስም። ይህችን ፈተና ጽሑፉ ቢነግረን ኖሮ እንዲህ ያለ ሕግ ባላስፈለገው ነበር።

«ቦታው ነፃ ነው፤ ከከበዳችሁ አማርኛውን ገልብጡት»

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። የጽሑፉ ዋና ስህተትም፣ ከሁሉ የተሻለው ሐሳቡም ያለው እዚህ ስለሆነ።

መገልበጡ ሙሉ በሙሉ ሞኝነት አይደለም። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። ብዙ ጊዜ መቼ የሚለውን አስቀድሞ፣ የት የሚለውን አስከትሎ፣ እንዴት የሚለውን ወደ ግሡ አስጠግቶ ይናገራል፦ «ትናንት በስብሰባው ላይ በግልጽ ተናገረች»። እንግሊዝኛ ደግሞ ተለምዷዊ ቅደም ተከተሉ ግሥ፣ እንዴት፣ የት፣ መቼ ነው፦ «ሺ ስፖክ ክሊርሊ አት ዘ ሚቲንግ የስተርዴይ»። እውነትም የአንዱ መጨረሻ የሌላው መጀመሪያ ነው። ጸሐፊው ይህን ማየቱ ያስመሰግነዋል።

ግን ተሳቢ፣ ማለትም ድርጊቱ የሚያርፍበት ነገር፣ የመጣ ዕለት ነገሩ ይበላሻል። «ትናንት በቤተ መጻሕፍት መጽሐፉን በጥንቃቄ አነበበች» የሚለውን ገልብጡት። «ሺ ሬድ ኬርፉሊ ዘ ቡክ» ብሎ ይጀምራል። ይህ የእንግሊዝኛ ጆሮ ወዲያው የሚይዘው ስህተት ነው። በእንግሊዝኛ ግሥና ቀጥተኛ ተሳቢው እንዲህ ተጠጋግተው ሲቆሙ በመካከላቸው ሌላ ነገር አይገባም። «ሺ ሬድ ዘ ቡክ ኬርፉሊ» ወይም «ሺ ኬርፉሊ ሬድ ዘ ቡክ» ነው የሚባለው። «ሂ ስፒክስ ዌል ኢንግሊሽ» የሚለው በብዙ የሥራ ማመልከቻ ላይ የሚታይ ዓረፍተ ነገር ከዚሁ ምንጭ የተቀዳ ነው። «ሂ ስፒክስ ኢንግሊሽ ዌል» መሆን ነበረበት። ተሳቢው ራሱ በጣም ረጅም ሲሆን ተውሳከ ግሡ አልፎ አልፎ ቀድሞት ይገባል፤ ለጀማሪ ግን እሱ አሁን አይነሳ።

ስንት ጊዜ የሚሉት ቃላት ደግሞ የራሳቸው መቀመጫ አላቸው። «ኦልዌይስ»፣ «ዩዡሊ»፣ «ኦፍን»፣ «ኔቨር» ከዋናው ግሥ በፊት ይገባሉ፦ «ሺ ኦልዌይስ ካምስ ኧርሊ»። ግሡ «ኢዝ» ወይም «አር» ከሆነ ግን ከእሱ በኋላ ነው፦ «ሺ ኢዝ ኦልዌይስ ኧርሊ»። ረዳት ግሥ ካለ ከመጀመሪያው ረዳት ቀጥሎ ይገባሉ፦ «ሺ ሃዝ ኦልዌይስ ካም ኧርሊ»። «ሰምታይምስ» እና «ዩዡሊ» ዓረፍተ ነገሩን ቢጀምሩ ማንም አይቆጣም። «ኦልዌይስ ሺ ካምስ» ግን ያንገጫግጫል። «ኔቨር» ከፊት መምጣት ይችላል፤ ሲመጣ ግን ረዳት ግሡን ከባለቤቱ በፊት ጎትቶ ያመጣል፦ «ኔቨር ሃቭ አይ ሲን»። እምብዛም የሚሉት «ሴልደም» እና «ሬርሊ»ም ይህንኑ ያደርጋሉ። ቦታው ነፃ ቢሆን ኖሮ አንድ ቃል ቦታ በመቀየሩ ብቻ የዓረፍተ ነገሩ ረድፍ እንዲህ ባልተገለባበጠ።

አሁን ወደ ጣፋጩ ክፍል። ሁለት ቦታ መቀመጥ ይችላል የተባለው ተውሳከ ግሥ ራሱ ቦታ በቀየረ ቁጥር ትርጉም ይቀይራል። «ሂ አንሰርድ ዘ ክዌስቸን ፉሊሽሊ» ስንል መልሱ የሞኝ መልስ ነበር። «ሂ ፉሊሽሊ አንሰርድ ዘ ክዌስቸን» ስንል ግን መልሱ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ሞኝነቱ አፉን መክፈቱ ነው። ዝም ቢል ይሻለው ነበር ማለታችን ነው። «አይ ሪሊ ዶንት ኖው» ማለት ምንም አላውቅም ነው። «አይ ዶንት ሪሊ ኖው» ደግሞ እምብዛም አላውቅም፣ እርግጠኛ አይደለሁም የሚል ለስላሳ መልስ ነው። ሁለቱም ውስጥ ያሉት ቃላት አንድ ናቸው።

«ሃፒሊ»ን ደግሞ እዩት። «ሃፒሊ፣ ሂ ዲድ ኖት ዳይ» ካልን ሰውዬው ተርፏል፣ ተመስገን ነው። «ሂ ዲድ ኖት ዳይ ሃፒሊ» ካልን ሞቷል፣ ያውም ሳይደሰት። አንዷ ቃል ከፊት ወደ ኋላ በመሄዷ ሰው ሞተ። «ቦታው ነፃ ነው» የሚለው ምክር ከዚህ በኋላ እንዴት ይቆማል?

«ኦንሊ»ን በተመለከተ አንድ ነገር ብዬ ልለፍ። በንግግር ጊዜ የትም ብትገባ ድምፃችን ይረዳታል። በጽሑፍ ግን ልትገድበው የፈለጋችሁት ቃል አጠገብ አስቀምጧት። «ኦንሊ ሺ ሬድ ዘ ቡክ» እና «ሺ ሬድ ኦንሊ ዘ ቡክ» የማይገናኙ ነገሮች ናቸው። በመጀመሪያው ሌላ ያነበበ የለም፤ በሁለተኛው ሌላ የተነበበ የለም።

ነፃነት ሲል እንዴት፣ የት፣ መቼ የሚለውን ቅደም ተከተል ማለቱ ከሆነ ግን ትንሽ እውነት አለው። መቼ የሚለው ወደ ፊት መምጣት ይችላል። የመሄድና የመምጣት ግሥ ሲሆን የት የሚለው ብዙ ጊዜ እንዴት የሚለውን ይቀድማል። ረጅሙ ሐረግም ወደ መጨረሻ ይገፋል።

«በቱ እና በግሥ መካከል ምንም አይገባም»

የሚገርመው፣ ነፃ ባልሆነው ቦታ ነፃነት የሰጠን ጸሐፊ ነፃ በሆነው ቦታ ላይ አጥር አጠረብን። ይህ ክልከላ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጣ ነው። እንግሊዛዊው ቄስ ሄንሪ አልፎርድ እ.ኤ.አ. በ1864 በመካከል ቃል ማስገባትን ተቃውመዋል፤ ከዚያ ክልከላው የትምህርት ቤት ሕግ ሆኖ ተስፋፋ። ጸሐፍት ግን በመካከል ቃል ማስገባት የጀመሩት በመካከለኛው ዘመን ነው። የእንግሊዝኛ አጠቃቀም ዳኛ ተደርጎ የሚቆጠረው ኤች. ደብሊው. ፋውለር ራሱ እ.ኤ.አ. በ1926 ግልጽነት ከሚጠፋ ወይም ዓረፍተ ነገሩ ሰው ሠራሽ ከሚመስል «ቱ»ን ከግሡ መለየት ይሻላል ብሏል። አንዳንዴም ሌላ ምርጫ የለም። «ዊ ኤክስፔክት ፕሮፊትስ ቱ ሞር ዛን ደብል»፣ ትርፉ ከእጥፍ በላይ ያድጋል ብለን እንጠብቃለን የሚለውን ሞክሩት። «ሞር ዛን»ን ከመካከል አውጥታችሁ የት ታስቀምጡታላችሁ? ይህን ክልከላ አጥብቆ የሚይዝ ፈታኝ ወይም አለቃ ካጋጠማችሁ ለሰላም ስትሉ ሽሹት። ስህተት ነው ብላችሁ ግን አታስተምሩ።

«ትልልቅ ደራስያን ይጠሉታል»

እነማን እንደሆኑ ጽሑፉ አይነግረንም። አሜሪካዊውን ስቲቨን ኪንግን አስቦ ይመስለኛል። ኪንግ እ.ኤ.አ. በ2000 ስለ አጻጻፍ ባሳተመው መጽሐፍ ተውሳከ ግሥን ክፉኛ ወቅሷል፤ ይህ እውነት ነው። ግን ማንን ነው የሚመክረው? ልብ ወለድ የሚጽፍ ሰውን ነው። በተለይ የሚያናድደው ገጸ ባሕርይ በተናገረ ቁጥር «አለ በቁጣ»፣ «አለች በፍርሃት» እያሉ መለጠፍ ነው። ቁጣው ከንግግሩ ራሱ ይታይ ነው ነገሩ። ይህ ቋንቋውን አሳምሮ ለሚያውቅ ሰው የተሰጠ የቅመማ ምክር ነው። ገና «ሃርድ» እና «ሃርድሊ»ን ለሚለይ ሰው ምን ይፈይዳል?

ደግሞስ ተውሳከ ግሥ የሚባለው በ«ሊ» የሚያልቀው ብቻ አይደለም። «ናው»፣ «ሂር»፣ «ዜን»፣ «አጌን»፣ «ኖት» ሳይቀር በተለመደው የሰዋስው አከፋፈል እዚሁ ክፍል ናቸው። እነሱን አውጥቶ አንድ ገጽ የጻፈ ደራሲ የለም። «ቬሪ»ን እና «ሪሊ»ን በየመስመሩ አትበትኑ ቢል ኖሮ ግን እስማማ ነበር።

«ሐረጎቹ ጌጥ ናቸው»

ለእኛ ይህ በጣም የሚገርም አባባል ነው። አማርኛ ራሱ ንጹሕ ተውሳከ ግሥ ጥቂት ነው ያለው። «ቶሎ»፣ «ገና»፣ «ክፉኛ» እና የመሳሰሉት ናቸው። የቀረውን የምንለው በሐረግ ወይም በሌላ ግሥ ነው፦ «በጥንቃቄ»፣ «ቀስ ብሎ»፣ «ደጋግሞ»፣ «ቸኩሎ»። ስለዚህ የአማርኛ ተናጋሪ ሐረግን ለመልመድ አይቸገርም። የሚቸገረው የአማርኛውን «በ»፣ «ወደ» እና «በፊት» ይዞ ሲሻገር ነው። ጽሑፉ ሐረጎቹን ጌጥ ብሎ ሲዘልላቸው በጣም የሚያስፈልገንን ክፍል ነው የዘለለው።

«ከሁለት ዓመት በፊት» የሚለው «ቢፎር ቱ ይርስ» እየሆነ ይወጣል። እንግሊዝኛው «ቱ ይርስ አጎ» ነው፤ «አጎ» ከቁጥሩና ከዓመቱ ኋላ ይመጣል። «ባለፈው ሳምንት» ላይ ያለው «በ» ደግሞ «ኢን»ን ይዞ ይመጣል። «ላስት ዊክ» ያለ ምንም መስተዋድድ ብቻውን ይቆማል። «ኔክስት መንዝ» እና «ዚስ ሞርኒንግ»ም እንዲሁ። «ወደ ቤት ሄድኩ» «አይ ወንት ቱ ሆም» አይሆንም፤ «አይ ወንት ሆም» ነው። «አብሮድ»ም ከፊቱ «ቱ» አይወድም። እነዚህ ቃላት «ወደ»ን በውስጣቸው ይዘዋል።

የጊዜ ሐረግ ግሡንም ያዛል። «የስተርዴይ» ካላችሁ «አይ ሃቭ ሲን ሂም» ማለት አትችሉም፤ «አይ ሶው ሂም የስተርዴይ» ነው። «አጎ»ም እንዲሁ ተራውን ኃላፊ ጊዜ ይፈልጋል። «ሲንስ» እና «ፎር» ደግሞ እስከ አሁን የቀጠለ ነገር ሲሆን «ሃቭ»ን ይጠራሉ፦ «አይ ሃቭ ኖውን ሂም ፎር ቴን ይርስ»። ጌጥ የሚባል ነገር ቢወልቅም ባይወልቅም ቤቱ ይቆማል። ይሄኛው የግሡን ጊዜ ይወስናል።

በመጨረሻ «በጣም»። ጽሑፉ «በጣም የሚለውን በቬሪ ወይም በቱ ተርጉሙ» ብሎ በአንድ መስመር ገላግሎናል። «በጣም እወደዋለሁ» ግን «አይ ቬሪ ላይክ ኢት» አይሆንም። «ቬሪ» ቅጽልና ተውሳከ ግሥ ላይ እንጂ ግሥ ላይ አትቆምም። «አይ ላይክ ኢት ቬሪ ማች» ነው። ይህችኛዋ «ቱ» ደግሞ ከግሥ በፊት የምትመጣዋ አይደለችም፤ መጠን ማለፍን ነው የምትናገረው፤ ከልክ ያለፈ ነገር ደግሞ የሚያስከለክለው ነገር አለ። «አይ አም ቬሪ ሃፒ» ብላችሁ ብትጨርሱ ደስታችሁን ተናግራችኋል። «አይ አም ቱ ሃፒ» ብላችሁ ነጥብ ካደረጋችሁ ግን አንባቢው ደስታው ምን እንዳይሆን እንዳደረገ እስክትነግሩት ይጠብቃል።